በረጃፍ አበባ ላይ የወደቀ ጥላ

ዛሬ ጠዋት አጥሬ ሥር ተንበርክከህ ቢጫውን አበባ በስልክህ ስታነሳ፣ ጥላህ አበባው ላይ ተጋድሞ አየሁትና «ተነስ ከዚያ» ብዬ ጮህኩብህ። ደነገጥክ። ቁርስ የሚበሉት ሰዎችም ዞረው አዩን። የሆቴሌ እንግዳ ላይ መጮህ ልማዴ አይደለም። ሻይህን ያዝና ተቀመጥ፣ ምክንያቱን ልንገርህ። ሌሊት ስለዘነበ አፈሩ ይሸታል። ከወንዙ በኩል የሚመጣው የጭቃ ሽታም አለበት። እኔን ወደዚያ ጊዜ የሚመልሰኝ ይኸው ሽታ ነው።

በመጀመሪያ ግን ከማን ጋር እንደተቀመጥክ እወቅ። ጁባ ውስጥ አበባ የሚያውቅ ሐበሻ ማን ነው ብለህ ከወደቡ እስከ ሸሪካት ሰፈር ብትጠይቅ ወደዚህ ግቢ ነው የሚመሩህ። ይህ ቦታ ስይዘው ጠጠርና የዛገ ቆርቆሮ ነበር። ዛሬ ሙሽሮች ፎቶ ለመነሳት ተሰልፈው የሚገቡበት ነው። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀሉትን አይተሃል። ዝናብ ያረፈበት ጽጌረዳ፣ ንብ የገባችበት የዱባ አበባ፣ ከአጥር ላይ የሚፈሰው ቡገንቪላ፣ ሁሉንም ያነሳኋቸው በእነዚህ እጆች ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ካሜራውንም፣ አረብኛውንም፣ አትክልቱንም፣ የሆቴሉንም ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። የተማሩ ሰዎች መጥተው የአበባ ስም ይጠይቁኛል። ስሙን ባላውቀው አወጣለታለሁ፤ እስካሁን ያረመኝ የለም።

ይህን ሁሉ የምነግርህ የሚቀጥለውን ስትሰማ እንዳትንቀኝ ነው።

ወደ ጁባ የመጣሁት ገና ጢሜ ሳያድግ ነው፤ ጦርነቱ ተመልሶ ሳይመጣ፣ ከተማይቱ በሁለት ጦርነቶች መካከል ትንፋሽ በወሰደችበት በዚያ አጭር ዘመን። ያኔ እዚህ የነበርነው ሐበሾች አንድ ፒክአፕ የማንሞላ ነበርን። ሥራና መኝታ የሰጡኝ ከወደቡ አጠገብ ምግብ ቤት የነበራቸው ሴት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ጠዋት ጠዋት ሳህን አመላልሳለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ወደቡ እወርዳለሁ።

ካሜራውን የገዛሁት ከአንድ የጀልባ መካኒክ ነው። ከእሱ ጋር አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሰጠኝ። ጽሑፉን ማንበብ ስለማልችል ሥዕሎቹን አጠናሁ። በአንደኛው ሥዕል ላይ ፀሐይ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ነበረች፤ ያችን እንደ ሕግ ያዝኳት። ፀሐይ ከጀርባህ፣ የሚነሳው ሰው ከፊትህ። በቃ፣ ፎቶ አንሺ ሆንኩ። በምግብ ቤቱ ጓዳ ውስጥ መስኮቱን በጆንያ ደፍኜ፣ አምፖሉን በቀይ ጨርቅ ጠቅልዬ ፊልም አጥባለሁ። የእንጨት ማህተም አስቀርጬም ባጠብኩት ፎቶ ሁሉ ጀርባ ላይ ስሜን እመታበት ነበር። አንዳንዱ ላይ ሁለቴ።

ጫኝና አውራጆቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይነሱልኛል። የጀልባ ሰዎች አዲስ ሸሚዝ ተበዳድረው ይመጣሉ። የእኔ ልብ ግን አበባ ላይ ነበር። እምቦጩ ሐምራዊ አበባውን ይዞ በወንዙ ላይ እንደ ደሴት ሲንሳፈፍ ሳይ፣ ገንዘብ የሚከፍለኝን ሰው ትቼ ወደ እሱ እዞራለሁ።

የእትዬን ዕቃ የሚያመላልሰው ሾፌር ይህን አይቶ አይለቀኝም ነበር። «ዛሬ ሙሽራዋ ማን ናት? ከዱባ ቤተሰብ ናት ወይስ ከእምቦጭ?» ይለኛል። እትዬ ደግሞ ከወጥ ቤት ሆነው፣ «ፊልሙን በቅጠል ጨርሶ ሰው ሲመጣ በባዶ ካሜራ ቀጭ ሊል ነው፤ ተወው» ይላሉ። እኔ ግን እንኳን ላፍር፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «አንድ ቀን የዚህን አገር አበባ ሁሉ የማሳያችሁ እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ።

ለምግብ ቤቱ ዓሣ የሚያመጡልን፣ ከጁባ ወጣ ብላ ወንዙ ዳር ካለችው ከረጃፍ የሚመጡ ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ዓሣውን በእርጥብ ሣር ጠቅልለው በብስክሌት የሚያመጡ። በዚያ ክረምት ለረጅም ጊዜ ጠፉና ሌላ ሰው ሲያመጣልን ቆየ። ተመልሰው ሲመጡ ራሳቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው ነበር። ሾፌሩ አያቸውና በአረብኛ፣ «የኛ በዓል ሳይደርስ ማማር ጀመሩ እንዴ?» አላቸው። ሳቅን። እሳቸውም ፈገግ አሉ መሰለኝ። ዓሣቸውን አስመዝነው ሄዱ። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከሁላችን ጎልቶ የሚሰማው ደግሞ የእኔው ነው።

መስከረም ሲቃረብ እትዬ ፊታቸው ጠቆረ። «ያለ አደይ አበባ ምን ዓይነት እንቁጣጣሽ ነው» እያሉ ጠረጴዛ ይወለውላሉ። ሁለቱ አስተናጋጅ ልጆችም ከእሳቸው ጋር ይተክዛሉ። እኔ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብዬ ብስክሌት ተውሼ ረጃፍ ድረስ አበባ ፍለጋ ወርጄ ነበር። ከመንገዱ ላይ ሆኜ በዓሣ አምጪው ሰውዬ ግቢ ውስጥ ቢጫ የሞላ ነገር አይቻለሁ። ምግብ ቤቱ መሃል ቆምኩና፣ «አደይ አበባ አለ። ረጃፍ ነው ያለው። ያገኘሁትም እኔ ነኝ» አልኩ።

ሾፌሩ ጉርሻውን አስቀምጦ፣ «ይህ ልጅ ነገ ደግሞ እንጦጦን አገኘሁ ይላል» አለ።

እትዬ ግን አላሾፉም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዓሣ አምጪው ሲመጡ፣ «በበዓላችን ቀን ግቢዎ ብንመጣስ?» ብለው ጠየቋቸው። ሰውዬው ብስክሌታቸው ላይ የቀረውን እርጥብ ሣር ጠራረጉ። ከዚያ፣ «ቤቴ ቤታችሁ ነው» አሉ።

የበዓሉ ዕለት ማለዳ በፒክአፑ ወረድን። ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ያበራ ነበር። ሴቶቹ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል። ሾፌሩ ከየት እንዳመጣው የማላውቀው ከረባት አስሯል። ሰውዬው ወንዝ ወርደው ስለነበር ግቢው ውስጥ ያገኘነው ባለቤታቸውን ብቻ ነው። አረብኛ አይችሉም፣ እኛም የእሳቸውን ቋንቋ አንችልም። በእጅና በፈገግታ ሰላም ተባባልን።

ግቢው ተጠርጎ የመጥረጊያው ጭረት አፈሩ ላይ ይታያል። ጎጆው ፊት ለፊት፣ ከማንጎው ዛፍ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በጭቃ ተመርጎ የለሰለሰ ነገር ነበር። ርዝመቱ ሰው ያስተኛል። ዙሪያውን ደግሞ ያ ቢጫ አበባ ነው፤ በሥርዓት የተተከለ፣ የፈካ፣ ጤዛው ያልረገፈ። እትዬ ደረታቸውን ይዘው ቆሙ። «መደብ» አሉ። «እዩት፣ የእናቴ ቤት ደጅ መደብ። አበባ ከብበውበት።»

እኛ አገር ሟች የሚቀበረው ቤተ ክርስቲያን ነው። ደጅ ላይ ከፍ ብሎ ተመርጎ የምናየው ነገር መቀመጫ ነው፤ እንግዳ የሚያርፍበት፣ ሽማግሌ ፀሐይ የሚሞቅበት። ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ ከመካከላችን አልነበረም።

«ማንም እንዳይቀመጥ፣ መጀመሪያ ባዶውን ላንሳው» ብዬ አዘዝኩ። ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ አነሳሁ። ከዚያ አበባውን በቅርብ ለማየት ተንበረከክሁ። ልጄ፣ ያን ጊዜ አወቅሁ። አደይ አልነበረም። ቅጠሉ እጅ ይሻክራል፣ አበባው አጠር ያለ ነው፣ ሽታውም ሌላ ነው። እትዬ ከበላዬ ቆመው፣ «አደይ ነው አይደል?» አሉኝ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኗል። ሾፌሩም ከረባቱን እያስተካከለ አፌን ይጠብቃል። «ነው እንጂ» አልኩ። «የዚህ አገር አፈር ትንሽ አሳጥሮት ነው።»

አይደለም ብል ኖሮ አበባውን አይነኩትም ነበር። ነው ስላልኩ ግን ሴቶቹ እየዘፈኑ በእቅፍ በእቅፍ ቀጠፉት። እኔም ሁሉንም በየተራ መደቡ ላይ አስቀምጬ አነሳሁ። ሾፌሩን እግሩን አንፈራጥጦ፣ አስተናጋጆቹን አበባ ታቅፈው፣ እትዬን መሃል ላይ እንደ ንግሥት። «ፈገግ፤ አገጭ ቀና፤ እግርህን ሰብስብ» እያልኩ።

የሰውዬው ባለቤት በቅል ውሃ አምጥተው በየተራ አጠጡን። ከዚያ መሬት ላይ፣ ከጎጆው በር አጠገብ ተቀመጡ። እኛ ከፍ ብለን እሳቸው ዝቅ ብለው መቀመጣቸው እትዬን ከነከናቸው። «ማማ፣ ይምጡ እንጂ፣ እዚህ ከእኛ ጋር ይቀመጡ» እያሉ ጎናቸው ያለውን የተመረገ ጭቃ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ሴትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዓይን አፋር ናቸው» አለ ሾፌሩ። ያን ቅጽበትም አነሳሁት። የእትዬ እጅ ወደ ታች ሲወርድ፣ የሴትየዋ ዓይን እጁን ሲከተል። ሳነሳው እንዴት ያለ ፎቶ ነው እያልኩ ነበር።

ፎቶዎቹን ሳጥብ ከአንዱ በቀር ሁሉም ግሩም ወጡ። ያ አንዱ የመጀመሪያው ነው፤ ሰው የሌለበት። ማለዳ ስለነበርና ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጀርባዬ ስለነበረች፣ የእኔው ጥላ ረዝሞ መደቡ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል። ወረቀቷ ስለዚህ አልነገረችኝም። ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ነበርና ማህተሜን ልመታበት አፈርኩ። ለብቻው ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ ሾፌሩ ቢያገኘው እድሜ ልኬን እንደሚሳለቅብኝ አውቃለሁ። የቀሩትን በፖስታ አድርጌ፣ ስጦታ ይዞ የሚሄድ ትልቅ ሰው መስዬ፣ ብቻዬን ወደ ረጃፍ ወረድኩ።

ዓሣ አምጪው ቤት ነበሩ። ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ፤ ባለቤታቸውም መጡ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየደረደርኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ብርሃኑን እንዴት እንደያዝኩት፣ እትዬ እንዴት እንደ ንግሥት እንደወጡ፣ ካርቱም ውስጥ እንኳ እንዲህ የሚያነሳ እንደሌለ። ሰውዬው ሾፌሩ እግሩን አንፈራጥጦ የተቀመጠበትን ፎቶ በእጃቸው ያዙ፣ ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ ቀስ አድርገው ገልብጠው አስቀመጡት።

«ይህ ልጄ ነው» አሉ።

ሾፌሩን ማለታቸው ይሆናል ብዬ፣ አልገባኝም ልል አፌን ከፈትኩ። ጣታቸው ግን ወደ ግቢው ይጠቁም ነበር። ወደ መደቡ። ዙሪያው ራቁቱን የቀረ የአበባ ግንድ፣ በጭቃው ላይ የሾፌሩ የጫማ ተረከዝ ያሳረፈው ጎድጓዳ አለ።

በዚያ ክረምት መጀመሪያ ነው የሞተው፤ ንዳድ ነው ያሉኝ። የበኩር ልጃቸው ነበር፤ ራሳቸውን የተላጩትም ለእሱ ነው። እነሱ ዘንድ የራሳቸውን ሰው ከቤት አያርቁትም፤ ደጃቸው ላይ፣ ድምፃቸው በሚሰማበት ነው የሚቀብሩት። አበባውን እናቱ ከወንዝ ዳር በሥሩ እየነቀሉ አምጥተው፣ ውሃ እያጠጡ ያሳደጉት ሐዘኑ ለሚወጣበት ቀን ነው። ያን ቀን ዘመድ ሁሉ ከወንዙ ማዶ ይሰበሰባል፣ ተበልቶ ተጨፍሮ ሐዘኑ ይሸኛል። ቀኑ ደግሞ ደርሶ ነበር።

«ለምን አልነገሩንም?» አልኩ። ጥያቄው ራሱ አሳፋሪ ነበር።

«በበዓላችሁ ቀን መጣችሁ» አሉ። «በሰው በዓል ቀን እንግዳን ተነስ ይሉታል?» ወደ ግቢው ዞረውም፣ «አበባውስ? ትንሽ ቀርቷል?» ብለው ጠየቁኝ።

አበባው እትዬ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ በብርጭቆ ቆይቶ ጠውልጎ ነበር። ሾፌሩ በዚያ ጠዋት ከዓሣ ቅርፊት ጋር አውጥቶ ሲደፋው አይቻለሁ። «የለም» አልኩ።

ፎቶዎቹን ልሰበስብ ጎንበስ ስል ከሸሚዝ ኪሴ ያ የተበላሸው ወደቀ። ቸኩዬ ልሸሽገው ስል እናትየዋ እጃቸውን ዘረጉ። በዚያ ሰዓት እንኳ፣ ልታምነኝ ትችላለህ ልጄ፣ ያፈርኩት ስለ መጥፎ ፎቶዬ ነበር። ሰጠኋቸው።

ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዩት። አበባው ሁሉ አለ፣ ጤዛው አለ። ማንም አልተቀመጠበትም። ምርጉ እጃቸው እንዳለሰለሰው ነው። ጥላው ብቻ ቀጥ ብሎ በላዩ ላይ ተጋድሟል። በጣታቸው ከራሱ ጀምረው እስከ እግሩ ድረስ ጥላውን ተከተሉት፤ ሁለተኛም እንደገና ጀመሩ። ከዚያ በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ። ሰውዬው፣ «ቁመቱ ልክ ይህን ያህል ነበር ትላለች» አሉኝ።

ጥላው የእኔ ነው ልል ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ደርሶ ነበር። እኔ ከነገሩ ሁሉ ውስጥ የእኔ የሆነውን ሳልናገር ያለፍኩበት ቀን አልነበረም። ቀና ስል ግን አባትየው እያዩኝ ነው። ወደ ካሜራዬ አዩ፣ ወደ ፀሐይዋ አዩ፣ ወደ እኔ ቁመት አዩ። ሁሉንም ያውቁታል። ምንም አላሉም። እኔም ምንም አላልኩም።

ወደ ምግብ ቤቱ ተመልሼ ለእትዬ ስነግራቸው መጀመሪያ የተናገሩት፣ «መታ መታ አደረግኩት፤ በእጄ» የሚል ነበር። መዳፋቸውን ገልብጠው እያዩ ቁጭ አሉ። ሾፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። አደይ አለመሆኑን አውቄ እንደነበርም ተናገርኩ። እትዬ ቀና ብለው አላዩኝም። «እኔስ፣ አደይ መሆኑን እንድትነግረኝ ነበር የፈለግኩት» ብቻ አሉ።

የሐዘኑ መውጫ ዕለት ምግብ ቤቱ ተዘጋ። አንድ በሬ ነድተን፣ ሁላችንም ነጠላችንን አዘቅዝቀን ሄድን። ከረባት የለ፣ ካሜራ የለ። መሬት ላይ ተቀመጥን። እትዬ እናትየዋ ፊት ተንበርክከው በአማርኛ አለቀሱ፣ እናትየዋም በቋንቋቸው መለሱላቸው፤ ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ናቸው። መቃብሩ እንደገና ተመርጎ ነበር። አበባ መኖር በነበረበት ቦታ፣ በተሰነጠቀ እንጨት መሃል ያቆሙት ያ ፎቶ ነበር። ከወንዙ ማዶ የመጣው ዘመድ ሁሉ እየጎነበሰ ያየዋል። አንዲት አሮጊት ጥላውን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን ሲስሙ አየሁ። እኔ ከሁሉም ኋላ ተቀምጬ፣ ረጅም ሰውነቴን የት ልደብቀው እያልኩ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጀልባዎቹ ቆሙ። እትዬ ወደ አገር ተመለሱ ሲባል ሰማሁ፤ ሾፌሩ ካርቱም እንደገባ ነገሩኝ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። እኔም ብዙ አገር ዞሬ፣ ሰላም ሲሆን እዚሁ ተመለስኩ። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ነው ረጃፍ የወረድኩት። የማንጎው ዛፍ የለም። ጎጆው የነበረበት ላይ የሰው ቁመት የሚያክል ሣር ነው፤ ከፍ ያለ መሬት ብፈልግም አላገኘሁም፣ በእግሬም ደፍሬ አልገባሁበትም። በአካባቢው ያገኘኋቸው ሰዎች ስለ እነሱ አያውቁም። ወንዙ ዳር ግን ያ ቅጠሉ ሻካራ አበባ ፈክቶ ነበር። ከሥሩ ነቅዬ በእርጥብ ጆንያ አመጣሁት። ዛሬ ስታነሳው የጮህኩብህ ያ ነው። ስሙን እስካሁን አላወጣሁለትም።

እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ የሠራሁትን ልቁጠርልህ፤ ሌላ ሰው አይቆጥርልኝምና።

ካሜራ ያለ አስተማሪ ተማርኩ። ጠጠር ላይ ጽጌረዳ አበቀልኩ። ሆቴል ሠራሁ፣ ሁለቴ ተዘረፍኩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሠራሁት። በአምስት ቋንቋ እከራከራለሁ፣ በሦስቱ አሸንፋለሁ። የዚህን ከተማ አበባ ሁሉ አነሳሁ፤ ኮሪደሩ አልበቃ ብሎኝ ወደ ደረጃው ወጣሁ። ሰው ግቢ ስገባ የት ልቀመጥ ብሎ መጠየቅ ተማርኩ። ማህተም ያልመታሁበት አንድ ፎቶ አለኝ፣ የት እንዳለም አላውቅም።

አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ጥላው የእኔ ነው ሳልል ቀረሁ።